ከጀበናው አልወጣም ያለው ዓሣ

«ያ ዓሣ ዛሬም አልወጣም» አለችኝ እናቴ በስልክ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። ዓሣው የእህቴ ልጅ ንብረት ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ አንድ ሜትር የምትሆን የመስታወት ገንዳውን ከነማሞቂያዋ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ለምትኖረው አያቱ አደራ ብሎ ሄደ። አደራ ደግሞ እናቴ ዘንድ ቀልድ አይደለም።

ዓሣው ኮንቪክት ይባላል፤ እስረኛ እንደማለት ነው። ግራጫ ገላው ላይ የተደረደሩት ጥቋቁር መስመሮች የድሮ ፊልም እስረኛ ያስመስሉታል። አገሩ መካከለኛው አሜሪካ ቢሆንም ዘሩ ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ነው። የእኛው ቆሮሶም ከዚያው ነው። ይህንን ስነግራት፣ «የቆሮሶ ዘመድ ከሆነማ ምን አስቀመጠው?» ብላ ወደ ወጥ ቤቱ አየች። ቆሮሶ ግን የዋዛ ዓሣ አይደለም። እናቲቱ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿን መልሳ አፏ ውስጥ ትከታቸዋለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ቀልዱን ተወችውና «ታዲያ እሷ ምን ትበላለች?» አለችኝ። አትበላም ማለት ይቻላል አልኳት። ዝም አለች።

ወደ እስረኛችን ልመለስ። ቤት የተሰጠው አንገቱ የተሰበረ ጀበና ነው። በር ሲንኳኳ ጥልቅ፣ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ጥልቅ። ምግቡን እንኳ የሚበላው መብራት ጠፍቶ ሰው ሲተኛ ነበር። እናቴ ታሟል አለች። እኔ ብቸኝነት ነው አልኩ፤ ሊቅ ነኝና ሌላ ኮንቪክት ገዝቼ መጣሁ። በማግስቱ የእንግዳው ክንፎች ተተልትለው አገኘናቸው። ሲክሊድ ግዛቱን የሚጠብቅ ዓሣ ነው። ለካ ያመጣሁለት ጓደኛ ሳይሆን ድንበር ገፊ ኖሯል።

ቁስለኛውን ይዤ ወደ ሻጩ ልጅ ተመለስኩ። አልሳቀብኝም። «ጋሼ፣ የሚያስፈልገው ከላይ ተረጋግቶ የሚዋኝ መንጋ ነው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሲክሊዱ ጀበናው ውስጥ ሆኖ የውጪውን ሰላም የሚያውቀው በትንንሾቹ ዓሣዎች ነው። እነሱ ሜዳው ላይ ያለ ሥጋት ወዲያ ወዲህ ካሉ፣ አዳኝ የለም ማለት ነው፤ ይወጣል። እነሱ ብትን ካሉ ይገባል።

ጣጣው ምርጫው ላይ ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው ኒዮን ቴትራ በሚሏቸው፣ ሰማያዊና ቀይ በሚያብረቀርቁት ትንንሾች ላይ ነበር። «እነሱማ ቁርሱ ናቸው» አለኝ። አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ምግቡ ነው። ጉፒስ? ጭራው ረዥም፣ ዋናው ዝግ ያለ ነው፤ ይነከሳል። ታይገር ባርብ ፈጣን ነው፤ ግን ራሱ ክንፍ ነካሽ ነው፤ ለፈሪ ነገረኛ ጎረቤት ምን ያደርግለታል? ደግሞም አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም የሌሊቱ ብርድ ገንዳው ውስጥ ይገባልና ቅዝቃዜ ቢጤም የሚችል መሆን አለበት። በመጨረሻ ጃያንት የሚሉትን ዳኒዮ መረጥን። ከህንድና ከስሪላንካ ወንዞች የመጣ፣ ሲያድግ 10 ሳንቲ ሜትር ግድም የሚደርስ፣ ላይ ላዩን የሚከንፍ ዓሣ ነው። ሁለት ይበቃል ብዬ ነበር። «ሁለት ከሆኑማ እነሱም ይፈራሉ፤ ከስድስት አይነሱ» አለኝ። ስምንት ወሰድኩ።

ጉርብትናው ለአገራችን ውሃ አዲስ አይደለም። ዳኒዮ የካርፕ ቤተሰብ ነው፤ ጣና ላይ ከቆሮሶ ጋር የሚኖሩት ትልልቆቹ ባርበሶችም፣ በመንጋ የሚሄዱት ትንንሾቹም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ብቻ ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ይሰፋል፤ ለተጣላም ለፈራም መሸሻ አለው።

ውሃ አላስቸገረንም። እናቴ ቤት የተጠራቀመ ጀሪካን አይጠፋም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ውሃ ደግሞ ክሎሪኑ ይቀንሳል። ዳኒዮ ዘላይ ነው ስላልኳት ገንዳው ላይ ሰፌድ ከደነችበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ስምንቱም ጥግ ይዘው ተፋፍገው ዋሉ። «ይኸው ስምንት ፈሪ ጨመርክልኝ» አለች። በሦስተኛው ቀን ተበተኑና መክነፍ ጀመሩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ወጣ! በጠራራ ፀሐይ በላ!»

ማታ ስሄድ ገንዳው ፊት ተቀምጣ ነበር። «እኛስ እንደሱ አልነበርን?» አለችኝ። «ግቢ ሙሉ ልጅ ሲንጫጫ ማንም ከሥራው ቀና አይልም። ጫጫታው ቀጥ ካለ ነው ሁላችን ወጥተን የምናየው።» የድሮው ልደታ ሰፈር በ2002 ዓ.ም. ግድም ሲፈርስ ጎረቤቶቿ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ሄዱ። እሷ እዚያው ልደታ ብትቀርም፣ ፎቅ ላይ ከወጣች ወዲህ በሯ ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ ልጇ እኔ እንኳ ሳንኳኳ መጀመሪያ በቀዳዳ ታየኛለች። እኔ የሌባ ፍርሃት ይመስለኝ ነበር፤ የበር ቁልፍም ሁለት ጊዜ ቀይሬላታለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ስሄድ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ደረጃው ላይ ሁለት የጎረቤት ልጆች ይሯሯጣሉ። ገብቼ ልዘጋው ስል ከውስጥ ጮኸችብኝ፤

«ተወው! ከስድስት አይነሱ አላልክም? ዛሬ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው።»