ሐመርን በእንግሊዝኛ ማንበብ

የአንትሮፖሎጂ ፊልም ማለት ስለ እኛ ተሠርቶ እኛ የማናየው ፊልም ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ሐመር ወይም ጎንደር ይቀረጽና ብሪስቶል ወይም ጎቲንገን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና አዳራሹን ሁሉ ሲዘጋ ብዙዎቹ ፌስቲቫሎች ወደ ኢንተርኔት ወጡና በሩ ለእኛም ተከፈተ። ተከፈተ ልበል እንጂ፣ አንደኛው ላይ ደቡብ ኦሞ የተቀረጸ ፊልም ስጫን «ይህ ፊልም በአገርዎ አይታይም» የሚል ጽሑፍ መጣልኝ። አገሬ ማለት እንግዲህ ፊልሙ የተቀረጸበት አገር መሆኑ ነው! (የሥርጭት መብት በየአገሩ ተለይቶ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ቢሆንም ያስቃል።)

ካየኋቸው ውስጥ ከአእምሮዬ አልወጣ ያሉት የሐመር ፊልሞች ናቸው። አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር በ1974 «የአሸዋ ወንዞች»ን ሠራ። ምስሉ ውብ ነው፤ ረጅም የምትናገር ሴትም አለችበት። ለእኔ ግን ጋርድነር ስለ ሐመር ሴት ጭቆና ሐሳቡን ጨርሶ መጥቶ ምስል የፈለገለት ይመስላል። ያኔ ሐመር ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር ቀረጻውን ከረዱ በኋላ ፊልሙን በጽሑፍ ተችተውታል። ሊዳል ቆየት ብላ ከጆአና ሄድ ጋር ለቢቢሲ ሦስት ፊልሞች ሠራች፤ የመጀመሪያው «ፈገግ የሚሉት ሴቶች» (1990) ነው። በ2001 ደግሞ ከልጇ ከካይራ ጋር «የዱካ ጭንቀት»ን አመጣች። ዱካን በ1991ዱ ፊልም ልትዳር ስትዘጋጅ አይተናታል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ባሏ ሁለተኛ ሚስት አምጥቶባታል። እዚህ ላይ የምታወራው ለካሜራ አይደለም፤ ለዓመታት ለምታውቃት ሴት ነው። ልዩነቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይገባችኋል።

ዱካ ኢትዮጵያዊት ናት፣ እኔም ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ የምትለውን የተረዳሁት ግን በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ነው። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ብቻ አዳመጥኩ። የቱ ጋ እንደሚሳቅ ገባኝ፤ ለምን እንደሚሳቅ አልገባኝም። የእኛ ቴሌቪዥንማ ብዙ ጊዜ የበሬ ዝላይ አሳይቶ፣ ሐሳቡን ተራኪው ጨርሶለት፣ ወደ ዜናው ይሄዳል።

በተቃራኒው የጃፓናዊው ኢትሱሺ ካዋሴ ፊልሞች በአማርኛ ናቸው። «ክፍል 11፣ ኢትዮጵያ ሆቴል» (2007) ሙሉ በሙሉ የተቀረጸው ጎንደር ውስጥ በተከራየው ክፍል ነው፤ ሁለት የጎዳና ልጆች ይገባሉ፣ ያወራሉ፣ እሱም ያወራል። ስለ ድህነት ስታቲስቲክስ የሚያነብ ድምፅ የለም፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ይመሰገናል።

ከዚያ በፊት፣ በ2005፣ ስለ ላሊበሎች ሠርቷል። ላሊበሎች ጎህ ሲቀድ በየደጃፉ ቆመው የሚያዜሙት፣ ሲሰጣቸው መርቀው የሚሄዱት ናቸው፤ ማዜሙን ካቆሙ ቆማጣ ያደርጋል የሚል እምነት አለ። ይህን ፊልም ያለ ጆሮ ማዳመጫ ከፈትኩት። እናቴ የጎንደር ልጅ ናት። ከወጥ ቤት ማማሰያዋን እንደያዘች ብቅ አለችና ወደ በሩ እያየች፣

«ላሊበላ ደግሞ በማታ?» አለች።