በነቢያት ጾም የተነቀለች ጥርስ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017

ተነቀለች። የግራ፣ የታች፣ የመጨረሻዋ መንጋጋ። ራጁ ላይ ጎኗን ሰጥታ ተኝታ የጎረቤቷን ሥር ስትገፋ ትታያለች። ማደንዘዣው በደንብ ይዞ ስለነበር ሕመም አልነበረም፤ ግፊት ብቻ። ከግፊቱ የባሰው ድምፁ። ከአጥንት ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ጆሮ ቢደፍኑትም አይቀር።

ሁለት ስፌት። ጎዝ ነክሼ ወጣሁ። ዶክተሯ ታናሽ እህቴን ብታክል ነው፤ ትእዛዟ ግን የአያት። «እንዳትተፊ። ዛሬ እንዳትጉመጠመጪ። በስትሮ እንዳትጠጪ። ትኩስ ነገር የለም።» ጉድጓዱ ውስጥ የሚረጋው ደም አጥንቱን ይሸፍናል፣ መምጠጥና መትፋት ይነቅለዋል አለችኝ። ምራቁን መዋጥ ነው እንግዲህ።

ከመድኃኔዓለም እስከ ገርጂ ታክሲ ውስጥ አልተናገርኩም። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲል በእጄ ሰጠሁት፣ መልሱንም ሳልቆጥር ያዝኩ። ከንፈሬ የሰው ከንፈር ሆኗል።

ማታ። ማደንዘዣው ለቀቀ። በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ጉንጬ ላይ። የአይቡፕሮፌኑ ወረቀት «ከምግብ በኋላ» ይላል። ከየትኛው ምግብ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ትራስ ደራርቤ ተኛሁ፤ ራስ ከፍ ሲል መድማቱ ይቀንሳል ተብያለሁ። ጠዋት ትራሱ ላይ ሮዝ ምራቅ። ብርድ። በላያችን የሚያልፉት አውሮፕላኖች ድምፅ ከንጋት ጀምሮ።

ለስላሳ ነው የተባለ ምግብ ሁሉ የፍስክ ሆኖብኛል። እርጎ። ወተት የገባበት አጥሚት። የአጥንት ሾርባ። የዶክተሯ ወረቀት ላይ ያለው ይሄው ነው። ጾሙ የገባው እሑድ ነው፤ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ይህን አላሰበም ወይም አስቦ ትቶታል።

እማዬ አጥሚቱን በውሃ አዘጋጀችው። አጃ፣ ስኳር፣ ትንሽ ጨው። እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ በማንኪያ በቀኝ በኩል። ሲበርድ ይወፍራል፤ ሲወፍር ይሰለቻል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የሚባል ነገርም አልሆነልኝም። አሞክሲሲሊኑ በየስምንት ሰዓቱ ነው፣ የሕመም ማስታገሻው ባዶ ሆድ ያቃጥላል። የነፍስ አባቴ ጋር ደወልኩ። «ሕመምተኛ ነሽ፣ መድኃኒትሽን ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ ስትድኚ ትጾሚያለሽ» አሉኝ። ስለ እርጎው አልጠየቅኳቸውም። ለምን እንዳልጠየቅኩ አላውቅም። «ብዪ» እንዳይሉኝ ይሆን?

ከሰዓት በኋላ በጨው መጉመጥመጥ ተፈቀደ። ለብ ያለ ውሃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ ከዚያ መትፋት ሳይሆን አፍን ከፍቶ ማፍሰስ። ያስቃል። መሳቅም ያማል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

እብጠቱ ዛሬ ባሰ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል ብላኝ ነበር፤ ቢሆንም መስታወት ፊት ሲቆሙ ምክር አይታወስም። የጎረቤት እትዬ አይተውኝ «የጾም እንቁላል ደበቅሽ?» አሉ። ልክ ናቸው፤ ጉንጬ ውስጥ እንቁላል ያለ ነው የሚመስለው።

ቡና ጠሩን። የእኔን ሲኒ እስኪበርድ አስቀመጡት። የበረደ የጀበና ቡና፦ ጠጣሁት፣ ሌላ የምለው የለኝም። ያላሰብኩት ቆሎው ነው። ሦስት ሴቶች በአንድ ጊዜ ሲቆረጥሙ ክፍሉ ምን ያህል እንደሚጮህ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ገብሱ ይሻላል፣ ሽምብራው ግን ሲሰበር እኔ መንጋጋ ላይ የሚሰበር ነው የመሰለኝ። ሰበብ ፈጥሬ ወጣሁ።

ሁሉም ሕግ አለው። እትዬ፦ በአረቄ ተጉመጥመጪ። እማዬ፦ ቅርንፉድ ንከሺበት። ቢሮ ያለው ልጅ፦ አይስክሬም። «ጾም ነው» ስለው «የጾም አይስክሬም አለ እኮ» አለኝ። አልፈለግኩትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ራበኝ። ሕመሙ ሳይሆን ረሃቡ ነው ያስመረረኝ። ጠግቤም ይርበኛል፤ ማኘክ ራሱ ይርባል መሰለኝ።

ቀትር ላይ እማዬ ሱፍ አወጣች። ቀቀለችው፣ ውሃውን ደፋች፣ ድሮ በሙቀጫ የምትሠራውን ዛሬ በጁስ መፍጫ ፈጨችው። ከዚያ ጥሩ ውሃ እየጨመረች በነጭ ጨርቅ ትጨምቀው ጀመር። መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ወተት የመሰለ ነጭ። ገለባው ጨርቁ ውስጥ ቀረ። ሁለቴ አጣራችው፤ «ሽራፊ ገብቶ ቁስልሽ ውስጥ ይቀመጣል» ብላ። ቃሪያና ጥሬ ሽንኩርቱን ተወችው፣ ጨው ብቻ። የትናንት እንጀራ ቆራርሳ ነከረችበት። እንጀራው ሱፉን ጠጥቶ ሲለሰልስ ማኘክ አያሻም፤ በምላስና በላንቃ መሃል ይሟሟል። ቀዝቃዛ። ዘይትነት ያለው። በሥነ ሥርዓት የበላሁት የመጀመሪያው ምሳ። ሰሃኑን በጣቴ ጠረግኩት።

ከምግቡ በኋላ ግን ጆሮዬ አካባቢ ትንሽ ጠቅ ጠቅ። ምናልባት ብርዱ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21። ጽዮን ማርያም

ብርዱ አልነበረም። ሌሊት ከመንጋጋ እስከ ጆሮ፣ ከጆሮ እስከ ናላ። ኪኒኑ ምንም አላደረገም። አፌ ውስጥ መጥፎ ጣዕም። እማዬ ለንግሥ ነጠላዋን ስትለብስ እኔ አልተኛሁም ነበር።

ክሊኒክ። የረጋው ደም የለም፤ አጥንቱ ተራቁቷል። የታች መንጋጋ ላይ ይበዛል አለች ዶክተሯ። ከምን መጣ? ሲጋራ ታጨሻለሽ? የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን? አይ፣ አይ። «አንዳንዴ ያለ ምክንያት ነው» አለች። ያለ ምክንያት የሚለውን ማመን ያስቸግራል። ቡናው? መጉመጥመጡ? ወይስ በእርግጥ ምንም?

አንዱን ስፌት ፈታች። በሲሪንጅ ለብ ባለ ውሃ አጠበችው፤ ጥቁር አረንጓዴ ጭራሮ ነገር ወጣ፤ የሐሙስ ማታ ጎመን መሆን አለበት። ከዚያ በመድኃኒት የተነከረች ቀጭን ጎዝ በመቆንጠጫ አስገባች። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ቅርንፉድ! ከቅርንፉድ የሚወጣ ዘይት ነው አለችኝ፣ ነርቩን ያደነዝዛል። ቅርንፉዱን እንዳለ ቁስል ላይ ማድረግ ግን ድዱን ይልጠዋል። እማዬ ግማሹን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ስነግራት ሁለተኛውን ግማሽ አልሰማችኝም።

ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ሕመሙ ለቀቀ። እንዲህ ባንድ ጊዜ የሚለቅ ሕመም አላውቅም። ሙሉ ቀን አፌ ሻይ ሻይ ይላል።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ፀሐይ። ነፋስ። ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ስፕሪስ፦ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ፣ ፓፓያ። ሎሚና ቪምቶ ይቅር አልኩ። አስተናጋጁ ስትሮ ሰክቶበት መጣ። አውጥቼ በማንኪያ በላሁ፤ ታዝቦኛል። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበሩ የሠርግ መኪኖች ክላክስ እያደረጉ አለፉ። በጾም ሠርግ? ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል።

እርጎው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ወንድሜ ገዝቶ ያመጣው። እማዬ አይታዋለች፣ ምንም አላለችም። እኔም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ጎዟ ተቀየረች፣ ሁለተኛው ስፌት ወጣ። እብጠቱ ወርዷል፣ ቢጫ ጥላ ቀርቷል። አፌ ሦስት ጣት ያህል ይከፈታል። ሽሮ፣ ፈሰስ ያለ፣ አልጫ። ምስር ክክ። የተፈጨ ድንች በዘይት። ሁሉም ያለ በርበሬ አንድ ዓይነት ነው፤ ይህን ሳልታመም አላምንም ነበር።

እርጎውን ወንድሜ ጠጣው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ምላሴ ጉድጓዷን መነካካት አልተወም። ድዱ ከዳር ዳር እየገጠመ ይመስላል። ዶክተሯ አጥንቱ እስኪሞላ ወራት ይፈጃል ብላለች።

ራጁን ዛሬ ደግሜ በመስኮት ብርሃን አየሁት። የቀኟም እንደዚያችው ጎኗን ሰጥታለች። ከገና በፊት ብትነቀል ድጋሚ ሱፍና አጥሚት ነው። ከገና በኋላ ከሆነ እርጎም ሾርባም አለ፣ ግን እስከዚያ ካመመችኝስ? እማዬ በፊት ይሁን ትላለች፣ ለዶሮው እንድደርስ። እኔ አልወሰንኩም። ሰኞ ደውዬ የቀጠሮ ቀን እንዳለ እጠይቃለሁ።