ለእህቴ የገዛሁላት ኪኒን

እህቴ የምትኖረው ከአንኮበር ቁልቁል ባለችው አልዩ አምባ ነው። ሦስተኛ ልጇን ስታረግዝ የደም ግፊቷ ከፍ በማለቱ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሜቲልዶፓ የተባለ ኪኒን ታዘዘላት። ለእርጉዝ ሴቶች ለብዙ ዓመታት ሲታዘዝ የኖረ መድኃኒት ነው። በሰላም ተገላገለች፤ አልሐምዱ ሊላህ።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ። አራስ በዚያ ዳገት አትንገላታ ብዬ፣ ባዶውን ፓኬት እያሳየሁ ኪኒኑን ከደብረ ብርሃን እየገዛሁ ላክሁላት። አንድም ቀን ሳትመረመር ስምንት ወር አለፈ።

ለዒድ ስሄድ ፊቷ ገርጥቶ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አገኘኋት። ጥቂት ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል። ሽንቷ እንደ ሻይ መጥቆሩን የነገረችው ለእናታችን ብቻ ነበር። ጎረቤቶች «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ቅጠል ሊያጠጧት ተዘጋጅተዋል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ አደረስኳት። ደሟ ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ነገሩን አስረዳኝ። ሜቲልዶፓን ለወራት ከሚወስዱ 100 ሰዎች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ሰውነታቸው የራሱን ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ባዕድ ይቆጥራል። ይህም ኩምብስ በሚባል ምርመራ ይታወቃል፤ የለንደን ሐኪሞች ገና በ1966 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል። አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ከ100 አንድ በማይሞሉት ላይ ግን ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ። ከፈረሰው ደም የሚወጣው ቢሊሩቢን የተባለ ቢጫ ነገር ጉበት ከሚያስወግደው በላይ ሲሆን ዓይን ቢጫ ይሆናል። እህቴ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷት ስለነበር፣ የቀራት ሲፈርስ ቶሎ አቅም አጣች።

ኪኒኑ ቆሞ በሌላ ተተካላት። ከሳምንታት በኋላ ደሟ ተመለሰ። ዳግመኛ ሜቲልዶፓ እንዳይሰጣት በካርዷ ላይ ተጻፈ። ደም መውሰድ ቢያስፈልጋትም ይህንኑ አስቀድማ እንድትናገር ተነገራት፤ ተስማሚ ደም መፈለጉን ሊያስቸግር ይችላልና።

ውድ አንባቢያን፣ የግፊት መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ፤ ግፊቱ ራሱ ገዳይ ነው። ነገር ግን የዓይን መቢጨት፣ የሽንት መጥቆር ወይም ያልተለመደ ድካም ስታዩ ቀን አትቁጠሩ። ወደ ሐኪምም ስትሄዱ ባዶ ፓኬት ብቻ ሳይሆን በሽተኛውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።