ወጨጫን በእግር፦ አንድ ሙሉ ቀን በመናገሻ ሱባ ደን

ሰማዩ በጠራ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ አንድ ሰፊ ተራራ ያያሉ። ወጨጫ ነው፤ ከፍታው ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ብዙዎቻችን በየቀኑ እያየነው ብንኖርም፣ ከማዶው ተዳፋት ላይ በአገራችን ረጅም ዘመን ተጠብቀው ከቆዩ ደኖች አንዱ እንዳለ አናስብም። የመናገሻ ሱባ ደን ይባላል። ጠዋት ገብቶ፣ ፏፏቴ አይቶ፣ በጥዶች መካከል ወጥቶ፣ አስታ የለበሰውን የተራራውን ራስ ነክቶ፣ በሌላ መንገድ ዞሮ ለመውረድ አንድ ቀን ይበቃል።

የሄድነው በጥቅምት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነበር። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ልጃችንና አባቴ። አባቴ ገጠር ያደገ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን ከኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ የሚወርደው ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ሆኗል። ወሬውም እየቀነሰ መጥቷል። ጉዞውን ያሰብነው ለልጃችን ብለን ነው፤ ለእሱም ጭምር እንደነበር የገባኝ እዚያ ከደረስን በኋላ ነው።

በሰበታ በኩል ከአስፋልቱ ወጥተን በፒስታው መንገድ ደኑ ጽሕፈት ቤት ደረስን። መግቢያ ከፍለን፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ይዘን 2 ሰዓት ተኩል ላይ መራመድ ጀመርን። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ፏፏቴው ይወስዳል። ትልቅ ፏፏቴ አይደለም፤ ግን ክረምቱ ገና ስላለፈ ውኃው ሙሉ ነው፣ ድምፁም ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ድንጋዩ ያንሸራትታልና የልጆችን እጅ አይልቀቁ።

ከዚያ በኋላ ጥዱ ይጀምራል። ግንዳቸውን ሁለት ሰው የማያቅፋቸው የሐበሻ ጥዶች፣ ከቅርንጫፋቸው የተንጠለጠለ ሽበት የመሰለ ሽበጥ፣ ከላይ ደግሞ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው የሚዘሉ ጉሬዛዎች። ዕድለኛ የሆነ ሰው መልኩ ወደ ጥቁር የሚያደላውን የምኒልክ ድኩላም ያያል፤ እኛ ኮቴውን ብቻ ነው ያገኘነው።

ልጃችን ቀና ብላ እያየች፣ “አባባ፣ ይሄን ማን ተከለው?” አለች።

“የተከለውማ ጥላው ሥር አልተቀመጠም፣ የኔ እናት” አላት አባቴ።

በትውፊት እንደሚነገረው ደኑን ያስተከሉት በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ የጥዱም ዘር የመጣው በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ነው ይባላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ማገዶና የቤት እንጨት አጥታ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታም አስጀምረው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከውጭ የመጣው ቶሎ አዳጊ ባሕር ዛፍ ነው። በዚያ ሁሉ የእንጨት ችግር ውስጥ ይህ ደን ለከተማዋ ይህን ያህል ቀርቦ ሳለ ተርፏል። እኔ የምሠራው በማርኬቲንግ ነው፤ በእኛ ቤት ረጅም ዕቅድ የሚባለው የአምስት ዓመት ነው። እዚህ ግን የአንድ ሰው ዕቅድ ብቻውን አልበቃም፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በየዘመናቸው “አይቆረጥ” ማለት ነበረባቸው።

ሽቅብ ሲወጡ ጥዱ ለኮሶ ቦታ ይለቃል። አባቴ እዚህ ላይ ቆሞ፣ በልጅነቱ በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጣ ፊቱ እንዴት እንደሚጨማደድ እያሳየ ልጃችንን አሳቃት። ከዚያ እሱና አስጎብኚው የዛፍ ስም መለዋወጥ ያዙ። አባቴ “ወይራ” ሲል ወጣቱ “ኤጄርሳ”፣ አባቴ “ዝግባ” ሲል ወጣቱ “ቢርቢርሳ”፣ አባቴ “ኮሶ” ሲል ወጣቱ “ሄጦ” ይላል። ልጃችን በሁለቱ መካከል እየሄደች ሁለቱንም ስም ትደግማለች። አባቴ በወር ውስጥ ያወራውን ያህል በአንድ ሰዓት አወራ።

6 ሰዓት ገደማ ከደኑ ወጥተን አስታው ውስጥ ገባን። ዛፉ አጠረ፣ ነፋሱ በረታ፣ ሣሩ በጉጦች ተከፋፈለ። በዙሪያ ጉዞ ልብ የሚባለው ቦታ ይህ ነው፤ መሃሉ ላይ ሲደርሱ መመለስም መቀጠልም እኩል ይረዝማል። የአባቴ ጉልበት ማመም ጀምሮ ነበር፤ ደመናም ከታች እየወጣ ነው። ባለቤቴ “እንመለስ ይሆን?” ሲል አባቴ ወደ አስጎብኚው ዞሮ፣ “ልጄ፣ በወዲያ በኩል ቁልቁለቱ እንዴት ነው?” ብሎ ጠየቀ። “ለስላሳ ነው፣ አባባ። ቀስ ብለን እንወርዳለን።” ዱላ ቆርጠን ልንሰጠው ስንል “ከዚህ ደን አይቆረጥም” አለና የወደቀ ቅርንጫፍ አነሣ። 10 ሰዓት ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ደረስን፤ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ነው የወረደው።

ለመሄድ ካሰቡ፦ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ውኃውም አየሩም ጥሩ ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ደኑ ለጎብኚ ክፍት መሆኑን ደውለው ያረጋግጡ። ከፍ ያለ መኪና ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ዳቦና ቆሎ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ጋቢ ወይም ጃኬት ይያዙ፤ ላይኛው ክፍል ቀን በቀን ይበርዳል። አስጎብኚ ሳይዙ አይግቡ። በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከቆመው ዛፍ ገቢ ሲያገኝ፣ ዛፉን ቆሞ ለማቆየት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ቆሻሻዎንም ይዘው ይመለሱ።

ከሁሉ በላይ ግን የዛፍ ስም የሚያውቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። በየቤታችን አንድ አይጠፋም፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ነው። ጉልበቱ ሽቅቡን የሚችልበት ዘመን ግን እንደ ጥዱ ረጅም አይደለም።