የጉብታው እርድ

«ከተማ ማለት ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ባጃጅና ካፌ ያለበት ቦታ ነው ብዬ እመልስ ነበር። አባቴ ግን «ከተማው» ሲሉ ከመንደራችን በላይ ያለችውን ጉብታ ማለታቸው ነው። አንድ ቤት የለባትም። የሚከትምባት ከብት ብቻ ነው።

እኛ ከደብረ ማርቆስ ትንሽ ወጣ ያልን ገጠሬዎች ነን። ጉብታዋን ዙሪያዋን የከበባት ቦይ አለ። ከቦዩ በላይ ደግሞ ሣር የበቀለበት የአፈር ክምር አለ። «እርዱ» እንለዋለን። ልጆች ሆነን ግማሾቻችን ውስጥ፣ ግማሾቻችን ውጭ ሆነን ጦርነት እንጫወትበት ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ውስጥ ያለው ነው። ምክንያቱን የተረዳሁት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ ሜትር ቆፍረህ አፈሩን ወደ ውስጥ ብትከምረው፣ ከቦዩ ሥር ለቆመው ሰው ሁለት ሜትር ግድግዳ ይሆንበታል። ሲሚንቶ የለ፣ መሐንዲስ የለ፤ ዶማና ጉልበት ብቻ!

በኋላ ታሪክ ሳነብ አባቴ ትክክል መሆናቸው ገባኝ። ከተማ የመጣው «ከተመ» ከሚለው ነው፤ ሰፈረ እንደማለት። ነገሥታቱ ለዘመናት ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ የከተሙበት ሁሉ ከተማ ነበር። መኳንንቱም ከፍታ ይወዱ ነበር። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በጎጃም አምቦች መሽገው ዐፄ ቴዎድሮስን ስንት ዓመት እንዳስቸገሩ የምታውቁት ነው። ደብረ ማርቆስ ራሷ መንቆረር ስትባል የመኳንንት መቀመጫ ነበረች። ራስ አዳልም በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲባሉ የንጉሥ ከተማ ሆነች። ድንኳኑ ይነሳል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ አፈሩ ግን ይቀራል።

ይህ የኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጃፓኖች ያንን ነጭ ፎቅ የመሰለ ግንብ ከመሥራታቸው በፊት ጌቶቻቸው ኮረብታ ላይ ቦይ ቆፍረው፣ አፈር ከምረው ይኖሩ ነበር። ኢቺጆዳኒ የሚባለው የአሳኩራ ቤተሰብ መቀመጫ እ.ኤ.አ. በ1573 ተቃጥሎ ከሩዝ ማሳ ሥር ተቀብሮ ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ግን እየቆፈሩ አወጡት። ዛሬ ሰው መጥቶ የሚያየው ቦይና የአፈር ክምር አለው። የእኛን ቦይ ዝናብ ሲመጣ እንቁራሪት ታየዋለች።

እንግዲህ ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ እርዱን ሊደለድለው ተዘጋጅቶ አገኘሁት። መሬቱ የእሱ ድርሻ ነው። ቦዩ ውኃ ይይዛል፣ የክምሩ አፈር ደግሞ ለጤፍ ግሩም ነው አለ። እኔ የከተማ ሰው አይደለሁ? ስለ ቅርስ ንግግር ጀመርኩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209 ሳይቀር ጠቀስኩለት። እስክጨርስ ጠበቀኝና፣

«ወንድም ጋሼ፣ ታሪኩ ያንተ ነው፤ ግብሩ ግን የኔ» አለኝ።

ምን ልበለው? አባቴ ከጓዳ ሆነው ሳቁ። ሳቃቸው ግን በወንድሜ ላይ አልነበረም። «ልጄ፣ የዚህ ቤት መሠረት ድንጋይ ከየት የመጣ ይመስልሃል?» አሉኝ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በዚያው እርድ ላይ የነበረውን ካብ በአህያ እየጫንኩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። አባቴ አዘዙኝ፣ እኔም ለእያንዳንዱ ጉዞ ቆሎ እየተቀበልኩ ደስ ብሎኝ አመላለስኩ። ማንም አዋጅ አልጠቀሰልኝም።

ከዚያ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተነጋገርን። ወንድሜ በየዓመቱ ከክምሩ አገኛለሁ ያለውን ጤፍ አሰላልኝ፤ ሁለት ኩንታል አይሞላም። የዘንድሮውን ዋጋ እኔ ልክፈልህ አልኩት። ቦዩ አንድ ጥግ ላይ ተንዶ ስለተደፈነ ውኃው የሚቆመው በዚያ ምክንያት ነበር፤ በነጋታው ሁለታችን ዶማ ይዘን ጠረግነው። ጀርባዬ ሦስት ቀን አመመኝ። ያንን ሁሉ ዙሪያ የቆፈሩትን ሰዎች ያሰብኳቸው ያን ጊዜ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ የጌታቸውንም ስም እንዲሁ።

የጉብታዋን ስም ያልነገርኳችሁ ሆን ብዬ ነው። ወርቅ ፈላጊ በሌሊት ዶማ ይዞ እንዳይመጣ። ለዘንድሮ እርዱ ተርፏል። ለከርሞው ደግሞ የጤፍ ዋጋ ይወስናል፤ እኔም ከወዲሁ ማጠራቀም ጀምሬአለሁ።