የበሩ ድምፅ

የዶርማችን በር ብረት ነው። ነፋስ ሲመታው ይጮሃል፤ ሰው ለቀቅ አድርጎት ሲወጣም ይጮሃል። ከስድስታችን አምስታችን «ኧረ በሩን!» ብለን እንጮህና ወደ ግድግዳው እንዞራለን። ስድስተኛው ግን ከላይኛው አልጋ ተነሥቶ ይቀመጣል። ጋቢውን እስከ አገጩ ይስባል፤ ትንፋሹ አቀበት ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ይሆናል፤ እስኪነጋም ጎኑን አያሳርፍም። ጠዋት «ምን ሆነህ ነው?» ስንለው መልሱ ያው ነው፤ «ምንም። ቅዠት ነው።»

ይህ ወንድማችን የወልድያ ልጅ ነው። ጦርነቱ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ሲገባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከዚያው አልወጣም። ስለ እርሱ ከዚህ የበለጠ አንጽፍም። ለምን እንደማንጽፍ ግን መናገር አለብን።

እኛ ያደግንበት ቤት ለተጨነቀ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት «ተናገረው፣ ይውጣልህ» ነው። ከጠበሉ ቀጥሎ ማለታችን ነው። እኛም ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ አዘዝንለት። ሻይ ቤት ስንቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ከፈተና መልስ፣ «ንገረን እንጂ፣ ወንድሞችህ አይደለንም ወይ?» እያልን ነዘነዝነው። ደግ ነገር የሠራን መስሎን ነው። ይሁንና ከደግነቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ ታሪኩን መስማት አምሮናል። ከመካከላችን አንዱማ «ለመጽሔታችን የምትሆን ነገር ትወጣዋለች» እስከ ማለት ደርሷል። ማን እንደሆነ አንጠቁምም፤ የቀረነውም በልባችን አላልንም ብለን መማል አንችልም።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ፊልም አሳየን። አንዲት ባለሙያ ሁለት ጣቷን ከሰውዬው ፊት ቀጥ አድርጋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ታመላልሳለች፤ ሰውዬው ራሱን ሳያዞር በዓይኑ ብቻ ይከተላታል፤ ያለቅሳል፤ ኋላም ይረጋጋል። ሕክምናው ኢ.ኤም.ዲ.አር. ይባላል። ወደ ቋንቋችን ቢመልሱት፣ በዓይን እንቅስቃሴ የክፉ ትዝታን ሕመም ማደንዘዝና ትዝታውን እንደገና ማብላላት እንደ ማለት ነው። «ታዲያ ይቺን ጣት ማመላለስ አቅቶን ነው?» አልን።

አንድ ቅዳሜ ማታ ወንድማችንን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እሺ ያለው እኛን ላለማስቀየም ይመስለናል። «ያንን ቀን አስበው» አልነውና ጣታችንን ማመላለስ ጀመርን። መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ አለው። ቀጥሎ ዓይኑ ጣቱን መከተል ተወና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ጠራነው፤ አልሰማንም። እጁን ያዝነው፤ በረዶ ሆኗል። ከዚያ በድንገት ተነሥቶ ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተላተመ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ዘበኛው የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሦስት ቀን አላነጋገረንም፤ እኛም ዓይኑን ማየት አፈርን። በነጋታው ከጫማ ሰፊው የጎማ ቁራጭ ለምነን በበሩ ጠርዝ ላይ ለጠፍን። አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህቺን ለማሰብ አልታደልንም ነበር።

ከሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል አንዲት መምህርት ዘንድ ሄደን ጥፋታችንን ተናዘዝን። ይቆጡናል ብለን ነበር፤ እርሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ማቆሚያ ምልክት ሰጥታችሁት ነበር?»

የምን ማቆሚያ?

«እጁን ከፍ ካደረገ ሁሉም ነገር እንደሚቆም ነግራችሁት ነበር ወይ?»

አልነገርነውም።

የዘዴው ጀማሪ ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት ናት። እርሷም እንደ አንዳንዶቻችን የሥነ ጽሑፍ ሰው ነበረች። ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ለዶክትሬት ስትማር በ1979 እ.ኤ.አ. ካንሰር ተገኘባት፤ ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ አእምሮና አካል እንዴት እንደሚገናኙ ወደ መመርመር ዞረ። በ1987 መናፈሻ ውስጥ በእግሯ ስትዘዋወር የሚያስጨንቃት ሐሳብ በድንገት ቀለል ሲላት አስተዋለች፤ ዓይኖቿም በዚያው ቅጽበት ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር። በ22 ሰዎች ላይ ሞክራ ውጤቱን በ1989 አሳተመች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ዘዴውን ከአሰቃቂ አደጋ በኋላ ለሚመጣ የመንፈስ ሕመም ከሚመከሩት ሕክምናዎች መካከል አስገብቶታል። ሻፒሮ ያረፈችው በ2019 ነው።

እኛ በፊልሙ ያየናት ጣት ከስምንት ደረጃዎች አራተኛዋ ላይ የምትመጣ ኖራለች! ከእርሷ በፊት ባለሙያው የሰውየውን የሕይወት ታሪክ ያጠናል፤ ሰውየው ይህን ሸክም አሁን ሊነካው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ይመዝናል። ቀጥሎ ዝግጅት አለ። ሰውየው በሐሳቡ የሚያርፍበት አንድ የሰላም ቦታ ይመርጣል፤ የአያቱ ጓሮም ይሁን የወንዝ ዳር፤ ሲጨንቀው ወደዚያ መመለስን አስቀድሞ ይለማመዳል። የማቆሚያው ምልክትም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ የትዝታው ምስል ይመረጣል፤ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፤ ሰውየው በዚያ ምክንያት ስለ ራሱ ያመነው ነገርም ይፈለጋል። «ጥፋቱ የእኔ ነበር» ብሎ ሲኖር፣ በምትኩ «የምችለውን አድርጌያለሁ» ማለት ቢፈልግ፣ ይህን አሁን ምን ያህል እንደሚያምነው ከ1 እስከ 7 ይለካል። ጣቱ የሚንቀሳቀሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በየዙሩ መካከል ባለሙያው «አሁን ምን መጣልህ?» ይላል፤ የመጣው ከተነገረ «እሱን ይዘህ ቀጥል» ብሎ ይቀጥላል። ሲጨረስም ሰውየው ተረጋግቶ ነው የሚሸኘው እንጂ እንደ እኛ ወንድም በሌሊት አይለቀቅም።

ሊቃውንቱ በጣቷ ነገር አልተስማሙም። ፈውሱ ያለው ትዝታውን ሳይሸሹ ፊት ለፊት በማየቱ ላይ ነው፤ የዓይኑ መመላለስ ትርፍ ጌጥ ነው የሚሉ አሉ። በ2001 የተለያዩ ጥናቶችን ደምሮ የመረመረ አንድ ጽሑፍ የዓይኑ እንቅስቃሴ የጨመረውን ጥቅም አላገኘም፤ በ2013 የወጣ ሌላ ተመሳሳይ ጽሑፍ ደግሞ አግኝቷል። ጥቅም አለው ከሚሉት ሰዎች አንዱ ማብራሪያ ለእኛ ግልጽ ሆኖልናል። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ ክፉውን ምስል ይዞ ጣትን መከተል ሲገደድ ሁለቱ ይሻሙበታል፤ ምስሉም እየደበዘዘ ወደ ማስቀመጫው ይመለሳል ይላሉ። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ፈተና እንደማጥናት ነው ብንል መምህርቷ ሳቁብን፤ ግን አላረሙንም።

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበን ሌላ ነው። በዚህ ሕክምና ሕመምተኛው የደረሰበትን በዝርዝር እንዲናገር አይገደድም። ምስሉን በልቡ ይይዛል፤ ባለሙያው የሚያውቀው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ንገረን» እያልን ቁስሉን ስንነካካ ቆይተናል፤ ያ ሁሉ ንግግር ለእኛ ጆሮ እንጂ ለእርሱ ፈውስ አላስፈለገም።

ሦስተኛው ቀን ማታ ይቅርታ ጠየቅነው። «ምን አጠፋችሁ?» አለን፤ እንደ ልማዱ። ማቆሚያ ምልክት እንዳልሰጠነው ነገርነው። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እጄን አንሥቼ ነበር እኮ» አለ። እኛ አላየንም፤ ጣታችንን ነበር የምናየው።

መምህርቷ ዘዴውን ወደ ተማረ ባለሙያ ላኩት። በየሳምንቱ ሐሙስ ሐሙስ ይሄድ ነበር። የታክሲ ከሌለው አዋጥተን እንሰጠዋለን፤ ሲመለስ ግን «እንዴት ነበር?» አንለውም፤ «እራት በልተሃል?» ነው የምንለው። መጀመሪያ ላይ ይህ በጣም ከብዶን ነበር። አንዳንዱ ሐሙስ ፊቱ ገርጥቶ ይመጣና ቀጥ ብሎ ይተኛል። አንዳንዱን ደግሞ ካርታ ሲጫወት ያመሻል። ሌሊት ተነሥቶ መቀመጡ እየራቀ ሄደ፤ ጨርሶ ቀረ ግን አንልም፤ በሰኔም አንድ ሌሊት አይተነዋል።

ሰኔ መጨረሻ አካባቢ አምስታችን ለፈተና አንገታችንን ደፍተን ስናነብ በሩ እንደ መድፍ ተላተመ። ሁላችንም ከመቀመጫችን ዘለልን፤ የአንዱ ሻይ ደብተሩ ላይ ፈሰሰ። ወንድማችን ነው የገባው። የለጠፍነው ጎማ የለም፤ ጠዋት ነቅሎ ለተበላው የጫማው ተረከዝ አስመትቶበታል። ቆሞ አየንና፣ «እንዴ፣ ምን ሆናችሁ?» አለ።