ጡጦ ስለሚጠባ ግልገል

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ወሰን የሚጓዝ መንገደኛ በግራም በቀኝም የሚያየው ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ጥቁር የመረሬ ሜዳ ነው። ከወሰኑ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኡም ራኩባ የሚባል የስደተኞች ሰፈር ይገኛል፤ ራኩባ ማለት በሱዳኖች ዐረብኛ የሣር ዳስ ማለት ነው። ይህ ሰፈር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ኢትዮጵያውያንን አስጠግቶ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ተከዜን ያሻገራቸውን የትግራይ ሰዎች ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። እኛም ከነቤተ ሰባችን በዚያ ከተቀመጡት መካከል ነበርን። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው በዚያ ሳለን ስላየነው ስለ ፍየል ግልገል አስተዳደግ ነው።

በዚያ አገር የሚረባው ፍየል ብዙውን ጊዜ ኑቢያ የሚባለው ዘር ሲሆን፣ ጆሮው ረዥምና የተንጠለጠለ፣ አፍንጫው ጎበጥ ያለ፣ በወተቱም የተመሰገነ ነው። ፍየልን እኛ በትግርኛ ጤል፣ ግልገሏንም ማሕስእ እንላለን። አንዲት ጎረቤታችን፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ባልቴት፣ ከቤት ይዘውት የወጡትን የጆሮ ወርቅ ሸጠው አንዲት እርጉዝ ፍየል ገዙ። ይህንንም ያደረጉት እናቷ ለሌለች ለሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸው ወተት ለማግኘት ነው። ፍየሊቱ ግን መንታ ሴት ግልገሎች ወልዳ በዚያው ሌሊት ሞተች። ጎረቤቱ ሁሉ «እነዚህ አይሆኑም፣ ይተዉአቸው» ቢላቸው፣ አደይ (በእኛ አገር እንዲህ ያሉትን እናቶች የምንጠራው እንደዚህ ነው) «ልጆቼ፣ ወርቄ እኮ እነዚህ ናቸው» ብለው መለሱ።

እናቱ የሞተችበት ግልገል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እንገር ነው። እንገር የሚባለው እንስሳ በወለደች ጊዜ መጀመሪያ የምትሰጠው ወፍራምና ቢጫማ ወተት ነው። የሰው ልጅ ከበሽታ የሚከላከለውን ኃይል ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም ይቀበላል፤ ግልገል ግን ይህን ኃይል የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱም ይህን ኃይል ወደ ደሙ የሚያሳልፈው ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓቶች ሳያልፉ ማጠጣት ይገባል። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ግልገል በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 200 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በዚያው ሌሊት ባትሪ አብርተን ከሰፈሩ ውጭ ወደሚኖሩ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ሄድን። እርሳቸውም ዋጋ ሳይጠይቁ፣ በዚያው ቀን ከወለደች ፍየላቸው አልበው አንድ ጣሳ ሰጡን፤ «እሳት ላይ እንዳትጥዱት» ሲሉም አስጠነቀቁን። እውነታቸውን ነው፤ እንገር ከፈላ ይረጋል፣ የመከላከል ኃይሉም ይጠፋል። ጣሳውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ለብ ማድረግ ይበቃል።

የፍየል ሆድ አራት ክፍል አለው፤ ታጥቦ አይጠራም የሚባለው ሽንፍላም ከነዚሁ አንዱ ነው። ገና ለተወለደ ግልገል ግን በደንብ የሚሠራለት አራተኛው ክፍል ብቻ ነው። ግልገሉ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲጠባ፣ በጉሮሮው ግርጌ ያለች ቦይ ተጣጥፋ እንደ ቧንቧ ትሆንና ወተቱን ከትልቁ ጨጓራ አሳልፋ ወደ አራተኛው ክፍል ታደርሰዋለች። በጀርባው አስተኝተው ቢያጠቡት ወይም ወተቱን በጉሮሮው ቢያንቆረቁሩበት ግን ወተቱ ወደ ሳንባው ወይም ወደ ትልቁ ጨጓራ ሊገባ ይችላል፤ በዚያም ኮምጥጦ ሆዱን ይነፋዋል። የአደይ የልጅ ልጅ ግልገሎቹን እንደ አሻንጉሊት አቅፋ ካላጠባሁ ብላ ታለቅስ ስለ ነበር፣ ከግልገሎቹ ይልቅ እርሷን ማባበል ነበር የሚያስቸግረን።

የወተቱ ሙቀት ከሰው ገላ ጥቂት ከፍ ያለ፣ ማለት 39 ዲግሪ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ከእንገሩ በኋላ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ግልገል በቀን ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር በአራት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠዋል። ግልገል ጠግቤአለሁ አይልም፤ የሰጡትን ሁሉ ይጠባል፤ ስለዚህ የሚራራ ሰው ከሚሰስት ሰው ይልቅ ይጎዳዋል። ጡጦውም የሕፃን ጡጦ ሆኖ ለብቻው የተለየ መሆን አለበት። በገዳሪፍ በሚያዝያ ወር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ጊዜ ጠርሙስ ውስጥ የተረፈ ወተት ሳይውል ሳያድር ይበላሻል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንዲት መነኵሲት መምህርት «ታጥቦ ያልተቀቀለ ጠርሙስ ንጹሕ አይባልም» እያሉ በማስመሪያ ጣታችንን ይመቱን ነበር። በዚያን ጊዜ ቂም ይዘንባቸው ነበር፤ በኡም ራኩባ ግን አመሰገንናቸው።

በዘጠነኛው ቀን ትንሺቱ ግልገል ቀዘነች። ወተት ሻጩ ሁለት ቀን ስለ ቀረ በዱቄት ወተት መተካት ግድ ሆኖ ነበር፤ ድንገተኛ የወተት ለውጥ ደግሞ ለግልገል አንጀት ከባድ ነው። ብዙ ሰዎች ለቀዘነ እንስሳ ውኃ መከልከል ይገባል ይላሉ፤ ይህ ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው፤ የሚገድለው የውኃው ከሰውነት ማለቅ ነውና። በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ፣ ለብ ሲል በወተቱ መካከል ማጠጣት ያስፈልጋል። እኛም እንዲሁ አደረግን። ቢሆንም ቅሉ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። አደይ አላለቀሱም። ጡጦውን ወስደው ቀቀሉና የቀረችቱን አጠቡ።

የቀረችው ግልገል ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ሲቀርብላት መቆርጠም ጀመረች፤ ትልቁ ጨጓራ የሚያድገውም በዚሁ ነው። የፈሰሰ ማሽላ እንዳታገኝ ግን እንጠብቃት ነበር፤ እህል በብዛት የበላ ግልገል ሆዱ ኮምጥጦ ይሞታልና። ክረምቱ ገብቶ መረሬው ሲጨቀይ የማሽላ አገዳ ከፍ አድርገን ረበረብንላት፤ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ እርጥብና ቆሻሻ መኝታ ይወዳል። ወተቱን ጥቂት በጥቂት ቀንሰን በዐሥረኛው ሳምንት ጡጦ ተወች።

እኛ ከዚያ ከወጣን በኋላ፣ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተነሣ፤ ብዙ ሕዝብም ወደ ገዳሪፍ ፈለሰ። ወደ እነዚያ ሽማግሌ ቤትም ዘመዶቻቸው ሕፃናት ይዘው መጡ። ያቺ ግልገል በዚያን ጊዜ ወልዳ ትታለብ ስለ ነበር፣ አደይ ጧት ጧት አንድ ጣሳ ወተት አፍልተው ይልኩላቸው እንደ ነበረ በስልክ ነገሩን፤ ጣሳውም ባዶውን እንደማይመለስ፣ አንዳንድ ቀን ስኳር፣ አንዳንድ ቀንም የሰሊጥ ዘይት እንደሚሞላበት አጫወቱን።